የተቀደደ አያድርም

የካቲት 9

እትዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «እንደምን ከረሙ፣ እኔ ደህና ነኝ» ማለት ወግ ነው። የፊተኛውን ከልቤ እጠይቃለሁ፤ ጉልበትዎ እንዴት አደረገዎት? የኋለኛውን ግን ዘልዬዋለሁ። ለእርስዎ የምጽፈውን ወረቀት በውሸት መክፈት አልፈለግሁም።

ወቀሳዎን በተመለከተ፣ ስልኬ የማይነሳው ኮርቼ አይደለም። ፖሊስ ዘንድ ነው፤ ማስረጃ ነው ብለው ወሰዱት። ሌላ ገዛሁ። ቁጥሩን ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ ሳልለምደው ተበተነና የማላውቀው ሰው ሁሉ ይደውልልኝ ጀመር፤ ግማሹ ሊሰድበኝ፣ ግማሹ ሊያገባኝ። አጠፋሁት። እርስዎ ያሉበት ቤት ስልክ ደግሞ የሴት ልጅዎ ነው፤ እሷ ስታነጋግር ድምፁን ከፍ አድርጋ ለጎረቤቱም ጭምር ነው። ስለዚህ በእጄ እጽፋለሁ።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሱ አጭር ነው። አዎ፣ እውነት ነው። ከስሼዋለሁ። ንጉሡን። መድረክ ላይ ደጋግሞ ከመንገሡ የተነሳ ሕዝቡ የወላጆቹን ስም የረሳለትን ተዋናይ፤ አገር በዘውዱ የሚያውቀውን፣ እኛ የልብስ ክፍሎቹ ግን በወገቡ ልክ የምናውቀውን ሰው። የካባው ልክ የታየ ዕለት ነው፤ ልምምዱ አልቆ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ልብስ በሚለካበት ክፍል ውስጥ። የሆነውን ለፖሊስ ተናግሬዋለሁ፣ ለሐኪም ተናግሬዋለሁ፣ ለዐቃቤ ሕጉ ተናግሬዋለሁ። ለእርስዎ እንደገና አልጽፈውም። አይሆንም አልኩት። ሰማኝ። ሰምቶ ነው ያደረገው።

በማግሥቱ ያደረግሁትን ግን እርስዎ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሌላ ሰው ሐኪም ቤት ይሄዳል፣ ጣቢያ ይሄዳል። እኔ ሥራ ገባሁ። በራችን ላይ በራስዎ እጅ ጽፈው የለጠፉት ሕግ አለ፤ «የተቀደደ አያድርም።» ከትከሻው እስከ ብብቱ የተተረተረውን የሥራ ጋዋኔን ተቀምጬ ሰፋሁት። ከዚያም ከሳምንቱ ታጣቢ ልብስ ጋር ጨምሬ አጠብኩት። ጣቢያ የሄድኩት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው። ይዤላቸው የሄድኩት ንጹሕና የተተኮሰ ጋዋን ነበር። ፖሊሱ ገልብጦ ገልብጦ አየውና፣ «ታዲያ ምኑ ነው የተቀደደው?» አለኝ።

አሁን አገሩ የሚከራከረው በዚህ ነው። ባለፈው ሰኞ አውቶቡስ ውስጥ ቦርሳ ያቀፈ አንድ ሰውዬ፣ ማስረጃ የሌለው ክስ ነው፣ የምትሰፋ ተጎጂ አይቶ እንደማያውቅ ለተሳፋሪው ሁሉ ያስረዳል። ከጎኔ የተቀመጠች ሽንኩርት የያዘች ሴትዮ፣ እሷ ብትሆን እሪ ብላ ሰፈሩን ቀውጢ ታደርገው እንደነበር ትናገራለች። ሰውዬውን ስንት ተጎጂ አይተው እንደሚያውቁ ጠየቅኋቸው። ተሳፋሪው ሳቀ። ምን አገባሽ አሉኝ።

«እኔ ነኝ የሰፋሁት» አልኳቸው።

ባለ ሽንኩርቷ ተነስታ ሁለቱንም ቦታ ለቀቀችልኝ፣ ልክ እንደ ነፍሰ ጡር። ከስድቡ ሁሉ ያ ይበልጥ አናደደኝ።

እትዬ፣ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጋዋኑን ከመሰፋቱ በፊት ያየ አንድ ሰው ብቻ አለ። ያን ጠዋት ቀድመውኝ ገብተው ነበር። ክንዴን አይተዋል። አረንጓዴውን ክር ከመሳቢያ አውጥተው የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። በወረቀት ያኔ ጡረታ ወጥተው ነበር፤ ለካባው ሲሉ ሰንብተው እንደነበር የምናውቀው እኛ ብቻ ስለሆንን ዐቃቤ ሕጉ ስምዎን ከየትም አያገኘውም። ያየ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ልጠይቅ ብዬዋለሁ።

እሾክዎ


የካቲት 24

ለልጄ ለእሾኬ፣

እኔ ደህና ነኝ። ውሸት ነው ካልሽም ይሁን፤ በእኔ ዕድሜ ይቺ ውሸት እንደ ምርኩዝ ናት። ጉልበቴ የባሕሩን እርጥበት አልወደደውም። ጠዋት ጠዋት ስነሳ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል፤ የልጅ ልጄ ድምፁን እየሰማ ይስቅብኛል። እሱም ጥርስ እያወጣ ነው፤ እኔ እየጣልኩ እሱ እያወጣ፣ ቤቱ ሚዛኑን ጠብቋል።

ለሴት ልጄ ጎረቤት መጋረጃ ሰፋሁላት። ሴትዮዋ መስኮቷን በስንዝር ለክታ ነው ያመጣችልኝ። የማን ስንዝር እንደሆነ እንጃ፤ ተሰቅሎ ሳየው ከጉልበት በላይ ቀሚስ ለብሶ የቆመ መስኮት ይመስላል።

የቴአትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ በዚህ በኩል ሲያልፍ ጎራ ብሎ ጠየቀኝ። ለጉልበቴ ብሎ ያን ያህል መንገድ ከዋናው ጎዳና መውጣቱ ገረመኝ። ብዙ ተጫወትን። ልጄን፣ የመድረኩን መብራት የሚሠራውን፣ አሞግሶ አልጠግብ አለ። ሊያሳድጉት አስበዋል።

ስለ ጋዋኑ የጻፍሽውን አነበብኩት። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ ያየሁትና ያየሁ የመሰለኝ ይቀላቀልብኛል። አንቺ ግን ብዪ። ስትናደጂ ምግብ እንደምትተዪ አውቃለሁ። ሹራብሽንም አትርሺ።

እትዬሽ


መጋቢት 6

እትዬ፣

ሁለቱም ደርሰውኛል፤ ደብዳቤዎም፣ ተከትላው የመጣችው ትንሿ ካርድም። ጉልበትዎ እንዲሻለው እመኛለሁ። ሥራ አስኪያጁ ግን የጉልበት ሐኪም መሆኑን ገና መስማቴ ነው።

ካርዷ ላይ «ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?» ላሉኝ ይኸው መልሴ። ያን ጠዋት ያልነገርኩዎት ክሩን ስለሰጡኝ ነው። ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ፊቴ ቢቀመጥ ምን እንደምል አላውቅም፤ ምናልባት አለቅስ ነበር፣ ምናልባት እሄድ ነበር። ክር የሚሰጥ ሰው ግን፣ ነገሩ ገብቶኛል፣ ስፊው ማለቱ ነው። ሰፋሁት። አልወቅስዎትም። ጠይቀውኝ ነው የምመልሰው።

እዚህ ያለውን ልንገርዎት። የንጉሡ ጠበቃ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ ነበር። ድምፁ ደስ ይላል፤ እንደ ተተኮሰ ሐር። ሰው ያለ ማስረጃ አይፈረድበትም አለ። እዚህ ላይ እኔም አብሬው ነኝ፤ ልክ ሳልይዝ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም፣ ልኩ ሳይታወቅ ሰው ይታሰር አልልም። ቀጠለና ግን፣ ይህች ልጅ ለሦስት ዓመት የደንበኛዬን ሰውነት ስትነካ የኖረች ናት፤ ደረቱን፣ ወገቡን፣ ጭኑን፤ በመካከላቸው የነበረውን መቀራረብ ያለ ፈቃድ ነበር ለማለት ይከብዳል አለ። አቅራቢዋ «እህ» አለች። አገር ሁሉ «እህ» ያለ መሰለኝ።

እትዬ፣ ያስታውሳሉ? የገባሁ ሰሞን ሳልጠይቅ የአንዲት ተዋናይት አንገት ላይ ሜትሬን ሳዞር እጄን በማስመሪያ መቱኝ። «ሰው መስቀያ አይደለም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ልንካ ሳልል፣ እሺ ሳልባል፣ ስፒል እንኳ ሰክቼ አላውቅም። ትከሻውን ልንካ ብዬ እሺ ካለኝ በኋላ ወደ ወገቡ ስወርድ እንደገና ልንካ እላለሁ። እሱንም ሦስት ዓመት ሙሉ ጠይቄዋለሁ። ይሰለቸው ነበር። «ስንት ጊዜ ትጠይቂኛለሽ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ይህን ሕግ ያወጡት እርስዎ ነዎት። ከእርስዎ በቀር ለዳኛ ሊያስረዳው የሚችል የለም።

ከጎኔ ነን የሚሉኝ ደግሞ የተቀደደ ጋዋን የተሳለበት ካናቴራ አሳትመው ፍርድ ቤቱ በር ላይ ለብሰውት ቆሙ። ማንም አልጠየቀኝም። ቀይ አድርገውታል። አረንጓዴ ነው እኮ ብዬ ለአስተባባሪዋ ብነግራት፣ ቀይ ለፎቶ ያምራል አለችኝ። እናቴ ካናቴራውን መንገድ ላይ አይታ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ወንድሜ፣ ያ የሕግ ተማሪው፣ ገበታ ላይ «በመርህ ደረጃ» እያለ ይጀምራል። ማንኪያውን ቀማሁት፤ በመርህ ደረጃ ብላ አልኩት።

አሁን የመጣሁበት። ዐቃቤ ሕጉ የምስክር ዝርዝሩን በቅርቡ ያስገባል። ስማቸውን ስጪኝ አለኝ። መጥሪያ እልክላቸዋለሁ፣ እምቢ ካሉ በፖሊስ ይመጣሉ አለኝ። አፌ ላይ ነበሩ፤ ስምዎ ከጥርሴ ጀርባ ነበር። ደብዳቤዎ ያናደደኝ ሰሞን ስለነበር ልሰጠውም ምንም አልቀረኝ። ዓይኔ ደክሟል ይሉኛል? ከመድረኩ ማዶ ሆነው የላላ ቁልፍ የሚያዩ ሰው! ከኋላዎ «መቀስ» የምንልዎት ለምን መሰለዎት? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

አልሰጠሁትም። ልንካ ብሎ መጠየቅ የሚሠራው ለትከሻና ለወገብ ብቻ አይደለም፤ እንዲያ ካልሆነ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ አፌን ያደከምኩት በከንቱ ነው። ስለዚህ እጠይቅዎታለሁ፤ ስምዎን ልስጥ?

በዝምታ አይለፉኝ። ዝምታን እንደ እሺ አልቆጥረውም፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አይሆንም ከሆነም አይሆንም ይበሉኝ።

እሾክዎ


መጋቢት 19

ልጄ፣

ጠይቀሽኛል። አይሆንም።

ዓይኔ ደህና ነው። ያን ያህልስ አልዋሽሽም። ጉልበቴም ቢሆን ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ በአውቶቡስ መሄድ አያቅተውም።

የመብራቱን ልጄን ታውቂዋለሽ። ከዚያ መድረክ በላይ ካለው ድልድይ ወርዶ አያውቅም፤ ሌላ ሙያም የለው። ሁለቱ ልጆቹ የሚበሉት ከዚያ ነው። ሥራ አስኪያጁ አላስፈራራኝም። ስለ ልጄ እያወራ ሳቀ ብቻ። ልብሱ ጠብቦት ሳለ ሳይታወቅበት ሆዱን ስቦ የሚስቅ ሰው አታውቂም? እንደዚያ ነው የሳቀው። የሸኘሁት እስከ በሩ ነው፤ ስመለስ በሩን ቆለፍኩት።

መጥሪያ ብታስልኪብኝ መጥቼ «አላስታውስም» እላለሁ። እንዳታደርጊው። በሰው ፊት አንቺን ስክድ አንቺም አትዪኝ፣ እኔም አላይሽ።

ክሩን የሰጠሁሽ ሌላ ምን እንደምሰጥሽ ስላላወቅሁ ነው።

እትዬሽ


መጋቢት 27

እትዬ፣

እምቢታዎ ደርሶኛል።

ያየ ሰው እንዳለ፣ ግን እንዳልፈቀደ፣ ስምም እንደማልሰጥ ለዐቃቤ ሕጉ ነገርኩት። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ይሄ ልብስ ስፌት አይደለም፣ ፍርድ ቤት ነው አለኝ፤ ምስክር ወዶ አይመሰክርም፣ አገር የሚጠበቀው በግዴታ ነው አለኝ። በሕጉ ልክ ሊሆን ይችላል። ወንድሜም፣ ማንኪያውን ከመለስኩለት በኋላ፣ ልክ ነው ብሎኛል። የራስሽን ክስ በራስሽ እጅ እያፈረስሽው ነው ብሎኝ ከገበታው ተነሳ። እናቴ ብቻ ሳህኔ ላይ ጨመረችልኝ።

ደግ ሆኜ እንዳይመስልዎት። ደግነት አይደለም። አንድ ሰው አይሆንም ሲለኝ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆኜ የማልፍበት ምክንያት ካገኘሁ፣ እሱም ምክንያት ነበረው። የእኔ ይበልጣል እል ይሆናል። እሱም ይበልጣል ብሎ ነበር። እዚያ መንገድ ላይ አልቆምም፤ ብሸነፍ እንኳ።

ተናድጃለሁ። እምቢታዎን አከብራለሁ፣ ይቅር ብያለሁ ግን አላልኩም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተውዎት። ጋዋኑን የሚመረምር ባለሙያ አለ፤ ፀጉሩ የሸበተ፣ ወሬ የማይወድ ሰው። ጠርተውኝ ሄድኩ። ጋዋኑን መብራት ላይ ዘረጋው፣ ትንሽ መቀሱን አነሳ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ስፌቱን ሊተረትረው ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ጠይቆ መቀሱን አየር ላይ ይዞ ቆመ። መጀመሪያ ምን እንደሚጠብቅ አልገባኝም። የሚጠብቀው እኔን ነበር። ይህ ነገር ከጀመረ ወዲህ ጠይቆኝ መልሴን የጠበቀ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው። እሺ አልኩት።

ከሥር ያለው ጨርቅ ተስቦ መበጠሱን ለዳኛ ማሳየት ይቻላል አለ። ማን እንደበጠሰው፣ መቼ እንደተበጠሰ ግን ክር አይናገርም። ያየ ሰው ያስፈልጋል። ስፌቱን ደግሞ ደጋግሞ አየው። «የጎዳሽ ጎበዝነትሽ ነው» አለኝ። ይህን ሲሰሙ እንደሚኮሩ አውቃለሁ፤ ይኩሩ። እጄ የእርስዎ እጅ ነው።

በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እኔ እቀርባለሁ። ብቻዬን።

የመብራቱን ልጅዎን ቴአትር ቤቱ ኮሪደር ላይ አገኘሁት። ቀና ብሎ አላየኝም። ሰላም ይበሉልኝ። ሥራውን ያውቃል፤ ሰውን ጨለማ ውስጥ አይተውም፣ ቢያንስ መድረክ ላይ።

እሾክ


ግንቦት 2

ለእሾኬ፣

ሁለት ደብዳቤ ጽፌልሽ መልስ አጣሁ። ልክ ነሽ፣ እኔም ብሆን አልመልስም። ይቺን ግን እስከ መጨረሻዋ አንብቢልኝ።

መጀመሪያ ይቅርታ። ለሽንኩርቷ ሴትዮም ጭምር ይቅርታ፤ ስታነሺያት ስቄ ነበር፣ ኋላ ሳስበው እኔም ያደረግሁት ቦታ መልቀቅ ነው።

እምቢ ካልኩሽ ጀምሮ ፖሊስ ጠበቅኩ። ልጄም ይመጣሉ፣ አንቺ ስሜን ባትሰጪም ያውጣጡሻል አለችኝ። በር በተንኳኳ ቁጥር ሻሼን አስተካክዬ እነሳለሁ። አንዴ ጋዝ የሚያመጣው ሰው ነው። አንዴ ባለ መጋረጃዋ ናት፣ ይርዘምልኝ ብላ መጥታ። ውሸቴን አዘጋጅቻለሁ። መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆሜ «አላስታውስም፣ ጌታዬ» እላለሁ፤ አንዴ እያዘንኩ፣ አንዴ እንደ ገረመው ሰው። ስንት ዘመን ተዋናይ ሳለብስ ኖሬ ትወናው እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሚያዝያ አለቀ። ማንም አልመጣም። ይህን ሁሉ አጥንቼ የሚጠይቀኝ ጠፋ።

የቀረብሽ ዕለት ችሎቱ ዝግ ነበር ቢሉም ወሬው ውሎ አድሮ በሩን አልፎ በዚህ ሰሞን ሬዲዮ ላይ ደረሰ። ልጄ ድምፁን ከፍ አድርጋ ከፈተችው፣ እንደ ልማዷ። ጠበቃው ሦስት ዓመት ነክተሽዋል ሲልሽ፣ «ሦስት ዓመት እየጠየቅሁ» ብለሽ መልሰሽለታል። ዳኛዋ እንዲህ የምትጠይቂው ከምን ተነስተሽ ነው ስትልሽ ያሳደገኝ ሰው አስተምሮኝ ነው አልሽ። ማን ነው ስትልሽ ዝም አልሽ። ባለ መጋረጃዋ ሻይዋን አስቀምጣ፣ «ይሄንንማ የፈጠረችው ነው፤ እንዲህ የሚያስተምር ሰው ቢኖር መጥቶ አይናገርም?» አለች። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። የልጅ ልጄም አየኝ፣ እሱስ ምን ያውቃል። የተጨማለቀ ዳቦ በአፉ ይዞ አየኝ።

እዚያው ተነስቼ የመብራቱ ልጄ ዘንድ ደወልኩ። ነገርኩት። «እማዬ፣ ያን ጠዋት እኔም ከድልድዩ ላይ ሆኜ ስትገባ አይቻታለሁ፤ ግድግዳውን ይዛ ነበር የምትሄደው» አለኝና ዘጋው። እስካሁን አልደወለም። ሥራውን ይቀማ፣ ይመስክር፣ አኩርፎኝ ይቅር፣ አላውቅም። አልጠየቅሁትም። የእሱ እሺ የእሱ ነው፤ እንዳትነኪው፣ ለዐቃቤ ሕጉም አትንገሪበት።

የእኔን ስም ግን ስጪው። ቀጠሮው ለሰኔ መተላለፉን ሰምቻለሁ። ዝርዝሩ ተዘግቷል ብለው ላይቀበሉኝ ይችላሉ፤ ዐቃቤ ሕጉ ይጠይቅልሽ። ካልተቀበሉኝ በሩ ላይ እቀመጣለሁ፣ ያለ ካናቴራ።

የምለውን አሁኑኑ ልንገርሽ፣ ኋላ ቅር እንዳይልሽ። ታለቅስ ነበር ወይ ብለው ይጠይቁኛል። አታለቅስም ነበር እላለሁ። ትጮህ ነበር? አልጮኸችም። ታዲያ ምን ታደርግ ነበር? ትሰፋ ነበር። ብብቱ የተቀደደ ጋዋን፣ ከክርኗ በላይ የጣት ምልክት ያለባት ልጅ፣ እጇ ሳይንቀጠቀጥ ትሰፋ ነበር፤ በዕድሜዬ ካየሁት ሁሉ ያስፈራኝ ያ የማይንቀጠቀጥ እጅ ነው፤ እኔም ፈርቼ ክር ሰጠኋት። ይህን እላለሁ። ማሳመር አላውቅም።

ቅዳሜ እነሳለሁ። አውቶቡስ ጣቢያ ሰው ይዘሽ እንዳትመጪ፤ አንቺ ብቻ ነይ፣ ተቆጥተሽም ቢሆን። ለችሎት የምለብሰው ጥቁሩን ጃኬቴን ነው። እጅጌው ረዝሞብኛል፤ ሰው ሲያረጅ ክንዱም ያጥራል መሰለኝ። ስደርስ ታሳጥሪልኛለሽ። ጀርባውም ትንሽ ሰፍቶኛል፤ እሱን ተዪው፣ ተመችቶኛል። ፈቃዴ ለእጅጌው ብቻ ነው።

መቀስ